በሙዚየሙ ግቢ የጠበቅነው ግማሽ ሰዓት

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባባ በረንዳው ላይ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ስልክህ ስንት ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰው በቀን አሥር ጊዜ የሚጠየቀው ተራ ጥያቄ ነው። ግን አባቴ ሲጠይቁት ሰምቼ አላውቅም። መሪጌታ ናቸው፤ እዚሁ አንኮበር፣ በአንድ ደብር ዜማ እያስተማሩና ማኅሌት እየመሩ ነው ያረጁት። ጾማቸውን የሚገድፉት በጥላ ነበር። በጾም ቀን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ወደ ግቢው ይወጣሉ። ጫማቸውን አውልቀው ለጥ ያለ መሬት ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከእኛ አንዱ የራሳቸው ጥላ የሚያልቅበት ላይ ጠጠር ያስቀምጣል። ከዚያ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር አውራ ጣት እያስጠጉ እስከ ጠጠሩ ድረስ ይሰፍሩታል። በየትኛው ወር ስንት ጫማ ሲሞላ ስንት ሰዓት እንደሆነ በቃላቸው ያውቁታል። ልጆች ሳለን ሰዓት የሚባለው ነገር የሚኖረው በአባባ እግር ውስጥ ይመስለን ነበር።

«ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ» አልኳቸው።

«ይበቃል። እናትህ ማዕዱን ታቅርብ።»

ይበቃል አሉ። አባባ። ታላቅ ወንድሜ ታምሩ ከሞተ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ሙት ዓመቱን አውጥተናል፣ እማዬ ጥቁሯን ለውጣለች፣ ሰዉም «እንግዲህ በርቱ» ብሎ ወደየቤቱ ሄዷል። እንግዲህ በርትተናል ብዬ አስቤ ነበር። ለካ አባባ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ጥላቸውን መስፈር ትተው እማዬ ማዕድ ባቀረበች ጊዜ ይገድፉ ኖሯል፤ «ጠጠር» ብለው አለመጥራታቸውን እኔም በሐዘኔ ልብ አላልኩም።

ጠጠር የማስቀመጡ ሥራ የታምሩ ነበር። ወደ እኔ የተላለፈው በአንድ ቀን ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ልክ እንደ አሁኑ በጥር መጨረሻ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ደብረ ብርሃን ወርደን ሙዚየም በጎበኘንበት ቀን።

ያኔ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ታምሩ አሥራ ዘጠኝ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሊያስተምረው ተቀብሎታል፤ ምዝገባው አርብ ያበቃል። አባባ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። በዲቁና ያሳደጉትን፣ ዜማ ያስጠኑትን የመጀመሪያ ልጃቸውን ወደ ጎጃም ልከው ቅኔ ሊያስቆጥሩት፣ ኋላም በእግራቸው ሊተኩት። ታምሩ እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ቤታችን ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ያለ አባባ ምርቃት ዕቃውን ይዞ መሄድ ለሌላ ሰው ልጅ ይሆን ይሆናል፤ ለእኛ አይሆንም።

ሙዚየሙ የታምሩ ዘዴ ነው። ከተማው ውስጥ ድሮ ብርድ ልብስ ይሠራበት የነበረ አንድ አዳራሽ ተጠርጎና ተቀብቶ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም መሆኑን ሰምቷል። ረቡዕ ረቡዕ ቤተሰቡን ይዞ ለሚመጣ በነጻ ነው። «እማዬ ከቤትና ከገበያ ሌላ ምን አይታ ታውቃለች?» አለ አንድ ቀን፣ አባባ እየሰሙ። እማዬ ሳቀች። አባባ «ትየዋ» አሉ። እንዲህ ሆነ።

የረሳው አንድ ነገር ነበር። ረቡዕ ጾም ነው። አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፣ እማዬም እንደዚያው፣ እኔና እሱም በዚያ ቤት ደንብ እንደዚያው። የሚበላ ሰው ቢኖር ታናሽ እህታችን ፍሬ ብቻ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ኪሷ ሙሉ ቆሎ። ባዶ ሆዱን የዋለን ሰው ማሽን አሳይቶ ሐሳቡን ማስለወጥ ይቻላል ብሎ ያሰበ ታምሩ ብቻ ነው።

ጠዋት ሚኒባስ ስንይዝ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች በየገደሉ አፋፍ ጋቢ እንደለበሱ ሰዎች ቆመዋል። አባባን ሾፌሩ ገቢና አስቀመጣቸው፤ እኛ ከኋላቸው ተጠቀጠቅን። እማዬ ስንቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ታቅፈዋለች፣ የባቄላው ስልጆ እንዳይደፋ። ታምሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አቡሽ፣ አባባ ቢጠይቁህ ምን ትላለህ?»

«ምን ብለው?»

«ታምሩ ይሂድ ወይስ አይሂድ ብለው።»

«እኔን ምን አገባኝ?»

«እንዴት አያገባህም! እኔ ከሄድኩ ተራው የአንተ ነው። ቅዳሴ የምትቆመው አንተ፣ ጠጠር የምታስቀምጠው አንተ። ስለዚህ ይጠይቁሃል።»

አሰብኩበት። ያኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔና ታምሩ የምንተኛው አንድ መደብ ላይ ነው፣ የምንለብሰውም አንድ ባና፤ ከበግ ጸጉር የተሠራ፣ ከባድ፣ የአያታችን የነበረ። እሱ ረጅም ነው። እንቅልፍ ሲወስደው ባናውን ጠቅልሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ የአንኮበር ብርድ ደግሞ የሚገባው በእኔ በኩል ነው።

«ባናውስ?» አልኩት።

«የቱ ባና?»

«ባናችን። ከሄድክ ለማን ይሆናል?»

በሳቅ ፈነዳ። ጎኔን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ውሰደው! ከነቁንጫው ውሰደው! ይሂድ በል ብቻ።»

አባባ ከገቢናው ዞር ሳይሉ፣ «ምን ያስቃችኋል በጠዋት?» አሉ። «ምንም» አልን ሁለታችንም።

ስለ ሙዚየሙ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ማሽኖቹን ይሆናል። እኔ የማስታውሰው ወለሉን ነው። የሲሚንቶ ወለል፣ ቀዝቃዛ፣ የትም የማይቀመጡበት። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ቆመን ዋልን። አዳራሹ የድሮ ዘይትና የበግ ጸጉር ሽታ አለው። ማሽኖቹ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተው በገመድ ታጥረዋል፣ እያንዳንዱ ፊት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የምታስጎበኘን ልጅ ከታምሩ ብዙም አትበልጥም፤ ተማሪ ናት፣ በትርፍ ጊዜዋ ነው የምትሠራው። ድምፅዋ ገና ከጠዋቱ ደክሟል፤ እሷም ጾመኛ መሆኗን ኋላ ነው ያወቅነው።

እማዬ ጸጉር የሚፈትለው ማሽን ላይ ስትደርስ ቆመች። ቆማ ቀረች። በአንድ ጊዜ አርባ እንዝርት ያሾራል። ልጅቱ ቁልፉን ስትጫነው ለአንድ አፍታ ዞረ፣ ክሩም አብሮ ወጣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። እማዬ ገመዱን ተሻግራ ክሩን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«እናቴ፣ መንካት አይፈቀድም» አለች ልጅቱ በትሕትና።

«የኔ ልጅ፣ ጸጉር ሳይነኩት እንዴት ይታያል?»

እማዬ ክሩን አሸት አሸት አድርጋ ለቀቀችው። «እኩል ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። ይኸንን ሳላየው ነው ስፈትል ዓይኔ የፈዘዘው።» ከዚያ በኋላ ለፍሬ የሚጠጣ ስትፈልግና የእኔን ቀበቶ ስታጠብቅ እንኳ ሐሳቧ እዚያ አርባ እንዝርት ላይ የነበረ ይመስለኛል።

ፍሬ የወደደችው ጠማማ መስተዋቱን ነው። ቀጭኑን ሰው አወፍሮ ያሳያል። አባባን እጃቸውን ይዛ ጎትታ ፊቱ አቆመቻቸውና ጮኸች፦ «ኑ እዩ! አባባ በልተዋል! ጾማቸውን ሽረዋል!» አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ ነጠላቸውን አስተካክለው ሆዳቸውን በመስተዋቱ እያዩ፣ «ይኸ ሁሉ የእኔ ከሆነስ እስከ ፋሲካ ባልበላም ግድ የለኝም» አሉ።

ታምሩ ግን አልሳቀም። ብስክሌቷ ጋ እስክንደርስ ቸኩሏል። አንድ ቦታ ላይ የተቸነከረች ብስክሌት ናት፤ ፔዳሏን ሲመቷት ከፊት ለፊቷ የተደረደሩ አምፖሎች ይበራሉ። ሌሊቱን ሁሉ ያሰበበት ንግግር እንደነበረው ያስታውቃል። ወጣባት። ባዶ ሆዱን መታት። አንድ አምፖል በራ፣ ሁለት፣ ሦስት። ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ለአባባ ያስረዳል።

«አባባ፣ ይመልከቱ… እግሬ ያዞረው… እዚህ ውስጥ ያለው መግነጢስ… ወደ መብራት…»

«እስኪ እረፍ» አሉት።

አረፈ። አምፖሎቹ ጠፉ።

«ጠፋ?»

«አዎ፣ ሲቆም ይጠፋል።»

«ጧፍ አንዴ ከለኮሱት ወዲያ ሰው አያደክምም» አሉ አባባ። ክፋት አልነበረውም፤ የሚቀልዱት እንዲህ ነው። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሳቁ። ታምሩ ከብስክሌቷ ሲወርድ ፊቱን አየሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ምንም ማሽን ምንም አላስረዳም። ልጅቱ ትናገራለች፣ እሱ ከኋላ ይከተላል። ነገሩ እንዳለቀ እኔም ገባኝ። ልዋሽ አልችልም፣ መጀመሪያ የታየኝ ባናው ነው።

እግራችን ሲዝል ወደ ግቢው ወጣን። አንዲት ጽድ አለች፣ ሥሯ ተቀመጥን። ታምሩ ስልኩን አውጥቶ «ዘጠኝ ሞላ። እንብላና እንሂድ» አለ። ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። እማዬ ስንቁን መፍታት ጀመረች፤ የስልጆው ሽታ ሲወጣ አፌ ውኃ ሞላ።

አባባ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። «ጠጠር» አሉ።

ታምሩ ተነሥቶ እንደ ልማዱ አስቀመጠላቸው። ሰፈሩ። ቆሙ። እንደገና ሰፈሩ። «ሰባት አልሞላም። በዚህ ወር ዘጠኝ ሰዓት የሚሆነው ስምንት ሲያልፍ ነው። ጠቅልዪው» አሏት እማዬን።

«ውይ መሪጌታ! ልጆቹ ደከሙ እኮ፤ ስልኩም ዘጠኝ ብሏል» አለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

አስጎብኚዋ ልጅ በአጠገባችን ስታልፍ ሰማች። «አባቴ፣ ሰዓት ከሆነ እኛም የፀሐይ ሰዓት አለን» አለች ደስ ብሏት፤ እሷም የምትገድፍበትን ሰዓት እየጠበቀች ነበር። ከጽዱ ማዶ በሆነች አጭር ዓምድ ላይ የተኛች ክብ ድንጋይ ናት፤ መካከሏ ላይ የብረት ምላስ ቆሟል፣ ዙሪያዋን ቁጥሮች ተቀርጸዋል። የብረቱ ጥላ የወደቀው ልክ ዘጠኝ ላይ ነው።

አባባ ጎንበስ ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ስልክ ቢሆን ግድ አልነበራቸውም። ይኸ ግን ጥላ ነው። የእሳቸው ምስክር ራሱ ዞሮ የመሰከረባቸው ያህል ነው። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«አርባ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «በየጾሙ ደወል ያስደወልኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡን ሁሉ አሳስቼው ነው ማለት ነው?»

አሁን ሳስበው፣ ታምሩ ዝም ቢል ኖሮ አሸንፎ ነበር። የሙዚየሙ ድንጋይ፣ ስልኩ፣ ሳይንሱ በአንድ በኩል፤ አባባ ባዶ እግራቸውን በሌላው በኩል። ከዚያ በኋላ ምን ብለው ይከለክሉታል? እሱ ግን ወደ ድንጋዩ ሄደና በርከክ አለ። ከሥሩ ዓምዱን በጣቱ ዳሰሰ።

«ይኼ ተነቅሎ ነበር» አለ። «እዩት፣ ጭረቱ አዲስ ነው። ማን ነው ያዞረው?»

ልጅቱ አላወቀችም። ዘበኛውን ጠራችው። ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ፣ ድጅኖውን እንደ ከዘራ ይዞ መጣ።

«እኔ ነኝ» አለ ሳያፍር። «ምን ላድርግ? ከስልኩ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። የመጣ ተማሪ ሁሉ 'የጋሼ ፀሐይ ባትሪዋ አለቀ' እያለ ሲስቅብኝ ጊዜ አንድ ቀን ጠዋት በዚህ ነቅነቅ አድርጌ ከስልኩ ጋር አስማማኋት።»

አባባ ዘበኛውን አዩ፣ ድጅኖውን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። በዚያ ቀን ከልባቸው ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «አንተ ሰው! ፀሐይን በድጅኖ?»

«ስልኩን በድጅኖ ብመታው ይሻል ነበር?» አለ ዘበኛው።

ሳቁ ሲበርድ ታምሩ አሁንም እንደተንበረከከ ነበር። ከፍሬ እጅ ቆሎ ተቀብሎ ድንጋዩ ላይ አንድ በአንድ ደረደረ፤ አንዱ አንኮበር፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ራቅ ብሎ በምሥራቅ። ንግግሩ ብስክሌቷ ላይ እንደነበረው አልነበረም፤ ደክሞት ስለነበር ነው መሰለኝ፣ እንደ ሰው ነው የተናገረው።

«አባባ፣ የስልኩ ሰዓት ለሀገሩ ሁሉ አንድ ነው። የተሰፈረው ግን በእኛ ጥላ አይደለም። ከእኛ በምሥራቅ፣ ኦጋዴን ውስጥ በሚያልፍ መስመር ነው። ፀሐይ እነሱን አልፋ ነው ወደ እኛ የምትመጣው። ስለዚህ ስልኩ ይቀድማል። እርስዎም አልተሳሳቱም፣ ስልኩም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ይኼ ድንጋይ ነው፣ ሁለቱን ላስማማ ብሎ።»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ?»

«ሁሌ አይደለም። የምድር ዙረት ዓመቱን ሁሉ እኩል ስላልሆነ በየወሩ ይለያያል። በኅዳር ይጠባል፣ በጥር ይሰፋል።»

አባባ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። «በኅዳር የተማሪ ቤቱ ደወልና የእኔ ጥላ ይታረቃሉ» አሉ። «በጥር ይጣላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ እሰማዋለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ደወል መቺው የሚቸኩል ይመስለኝ ነበር።» ወደ ታምሩ ዞሩ። «ይኸንን የት ተማርከው?»

«ከፊዚክስ መጽሐፍ። ገና አልጨረስኩትም።»

አባባ እንጠብቅ አሉ። ጠበቅን። ያንን ግማሽ ሰዓት በሙሉ ጽዱ ሥር፣ ስንቁ እንደተቋጠረ። ልጅቱም መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ዘበኛውም መጣ። ነፋሱ የአውድማ እብቅ ያመጣል፣ ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ፍሬ የእማዬ ጭን ላይ ተኛች። ታምሩ በየጊዜው እየተነሣ ጠጠሩን ያርቃል፣ አባባ ይሰፍራሉ፤ ሰባት፣ ሰባት ተኩል፣ ስምንት ሊሞላ ትንሽ። በመጨረሻ አባባ «ደረሰ» አሉ። ዘበኛው በድጅኖው፣ ታምሩ በእጁ ድንጋዩን መልሰው አዞሩት፤ የብረቱ ጥላ ዘጠኝ ላይ ወደቀ። ያኔ ነው የበላነው፣ ሰባታችንም ከአንድ ሰፌድ። እንጀራው ደርቆ ስልጆው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

አባባ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ እማዬን ጠየቋት። «ምን ትያለሽ?» ስለ ምን እንደሆነ አላብራሩም።

«እናትን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቋትም» አለች። «ባይርቅብኝ እወዳለሁ። እርስዎ ያውቃሉ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

ታምሩ ወደ እኔ አላየም። መሬት መሬት ነው ያየው። እኔ ደግሞ ያየሁት ባናውን ነው፤ ሰፊ፣ ሙሉውን፣ በሁለቱም በኩል የተጠቀጠቀ።

«ይሂድ» አልኩ።

አባባ ታምሩን፣ «ሂድ» አሉት። «ጾምህን ግን በስልክ እንዳትገድፍ።»

ሐሙስ ዕቃውን አሰረ፣ አርብ ተመዘገበ። ባናው የእኔ ሆነ። ለብቻዬ በለበስኩት ጊዜ ያወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ያሞቀኝ የነበረው ባናው እንዳልሆነ ነው።

ታምሩ ቃሉን ጠበቀ። ተምሮ ጨርሶ መስመር ዝርጋታ ሥራ ከያዘ በኋላም፣ ረቡዕና አርብ ከሰዓት ስልኬ ይጠራል። «ለአባባ ስጣቸው።» እሰጣቸዋለሁ። «አባባ፣ ጥላው ደረሰ?» ይላል። እሳቸው ቀድመው ሰፍረው ይጠብቁታል። «ደረሰ» ይሉታል፣ ወይም «ገና ነው፣ ታገሥ።» ሌላ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። ሰባት ዓመት ያህል አባትና ልጅ የተነጋገሩት በዚህች አንዲት ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አምና ክረምቱ እንደወጣ ወደ ቆላው ወረደ፣ ለአንዲት ትንሽ ከተማ መብራት ሊያስገቡ። በጥቅምት አንድ አርብ ደወለ። ከአባባ ጋር ከጨረሰ በኋላ ስልኩን ተቀበልኩ። «ብርድ ብርድ ይለኛል» አለኝ። ቆላ ላይ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ባለበት። ሳቅኩበት።

«ባናውን ልላክልህ?»

«ከነቁንጫው ላከው» አለ።

ወባ ነበር። እሱ ጉንፋን መስሎት ሁለት ቀን ተኛ፤ የደጋ ልጅ ምን ያውቃል። ሰዎች ሐኪም ዘንድ ሲያደርሱት ራሱን አያውቅም ነበር። ረቡዕ ስልኬ አልጠራም። አባባ ጥላቸውን ሰፍረው፣ ስምንትም አልፎ፣ ዘጠኝም አልፎ፣ አሥራ አንድም አልፎ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። የሰፈሩት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን እንደነበረ ይኸው አሁን ነው የገባኝ።

እንግዲህ ባለፈው ረቡዕ «ይበቃል» ሲሉኝ ይኸ ሁሉ መጣብኝ። እማዬ ማዕዱን ይዛ ብቅ ስትል፣ «ቆይ እማዬ» አልኳት። ወደ ግቢው ወርጄ ጠጠር አነሣሁ።

«ይምጡ አባባ። ስልክ አይታመንም፣ ጥር ነው።»

አይነሡም ብዬ ነበር። ተነሡ። ጫማቸውን ማውለቅ ጊዜ ፈጀባቸው። ሰፈሩ፤ እግራቸው መስመሩን አንድ ጊዜ ስቶ ግድግዳውን ያዙ። ሰባት አልሞላም። በደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ያንን ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን ልንፈጀው እንችል ነበር። እኔ ግን ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ነበረ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ እንደ ድንጋይ የከበደኝ። «አባባ» አልኩ። «ያን ቀን 'ይሂድ' ያልኩት… ለእሱ ብዬ አልነበረም። ባናውን ፈልጌ ነው። ለብቻዬ እንዲሆን። አይሂድ ብል ኖሮ…»

አላስጨረሱኝም። «ከነቁንጫው» አሉ።

ዞሬ አየኋቸው።

«ገቢና ነበር የተቀመጥኩት፣ አንኮበር አልነበረም የቀረሁት። ሁሉንም ሰምቻለሁ።» ጠጠሩን ነው የሚያዩት። «አይሂድ የሚል ብፈልግ እናትህ አለችልኝ። መልስህን አውቄው ነው የጠየቅኩህ። ብቻዬን ይሂድ ማለት ከብዶኝ ነበር፣ አብሮኝ የሚል ሰው ፈለግኩ። አንተ የተናገርከው ስለ ባናው ነው። ስለ ታምሩ የተናገርኩት እኔ ነኝ። የእኔን አትሸከም።»

ሸክሙ ከእኔ ወርዶ የት እንዳረፈ አያለሁ። ሽማግሌ ትከሻ ላይ ነው፣ እዚያም የነበረው ከድሮ ጀምሮ ነው። አስታመምኩት የምለው ሐዘን የእኔ ብቻ መስሎኝ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሰዓት እንኳ መጠየቅ እስኪጀምሩ ድረስ አላየኋቸውም ነበር።

ጠጠሩን አራቅኩት። ሰፈሩ። እንደገና አራቅኩት። እማዬ ማዕዱን በረንዳው ላይ አስቀምጣ፣ ክዳኑን ሳትከፍት፣ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ አዘነበለች፣ ብርዱ ከሥር መውጣት ጀመረ። አባባ ሰፍረው ስምንተኛውን አለፉ፤ አውራ ጣታቸው ጠጠሩን ነካ።

ስልኬን አየሁት። እሱ ይደውልበት የነበረው ሰዓት ነው።

«ደረሰ» አሉ አባባ፣ ጮክ ብለው፣ ሩቅ ላለ ሰው እንደሚናገሩት።